ብርሃን ቀጭን የመስታወት ክርን ሲገፋ

ብርሃን ያረፈበትን ነገር ይገፋል። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስሌት የደረሰበትን ይህን ኃይል ሩሲያዊው ፒዮትር ሌቤዴቭ በ1900 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ በቤተ ሙከራ ለካው። ኃይሉ ኢምንት ነው፤ 1 ዋት ብርሃን ሙሉ በሙሉ ሲዋጥ የሚገፋው በ3.3 ናኖኒውተን ብቻ ነው። ይህም የሚሊግራም 3 ሺህኛ ክፍል ከሆነች ብናኝ ክብደት ጋር ይቀራረባል።

ለስልክና ለኢንተርኔት የሚዘረጋው ፋይበር መስታወቱ 125 ማይክሮሜትር ስለሚወፍር እንዲህ ያለ ግፊት አይነቀንቀውም። መስታወቱ በእሳት ለስልሶ ሲሳብ ግን ከ1 ማይክሮሜትር በታች የቀጠነ ክር ይሆናል። ከብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ያነሰ ክር ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አይይዝም፤ ከፊሉ በክሩ ዙሪያ በአየር ውስጥ ይጓዛል። ክሩም በጣም ተለማጭ ስለሆነ ትንሽ ኃይል ያጎብጠዋል።

ይህ ተለማጭነት አንድ የቆየ ክርክር ለመፈተን አመቺ ሆኖ ተገኘ። ሄርማን ሚንኮቭስኪ በ1908 ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ ሞመንተሙ (ሲጓዝ ይዞት የሚሄደው የመግፋት አቅም) ይጨምራል አለ፤ ማክስ አብርሃም በ1909 የለም፣ ይቀንሳል ሲል ተቃወመ። ሚንኮቭስኪ ልክ ከሆነ ብርሃኑ ከክሩ ጫፍ ሲወጣ ጫፉን ወደ ፊት ይስበዋል፤ አብርሃም ልክ ከሆነ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በ2008 በቻይና የሱን ያት-ሴን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብርሃን በቀጭን ክር ውስጥ ልከው ጫፉ ወደ ኋላ ሲገፋ አየን፣ አብርሃም ረታ አሉ። ድምዳሜው ግን ቸኩሏል። ጫፉ ትንሽ ተዛንፎ ከተቆረጠ ብርሃኑ ወደ ጎን ስለሚወጣ ክሩ በዚያ ምክንያት ብቻ ሊታጠፍ ይችላል። በ2010 እስቲቨን ባርኔት ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚናገሩት ስለተለያዩ ሁለት የሞመንተም ዓይነቶች ነው የሚል ማስታረቂያ አቀረበ።

ሁለት ክሮች በጣም ተቀራርበው ሲቀመጡ ደግሞ ከየክሩ ውጭ የሚጓዘው ብርሃን ይገናኛል። የሁለቱ ሞገዶች ከፍታና ዝቅታ ሲገጥም ክሮቹ ይሳሳባሉ፣ ተቃራኒ ሲሆን ይገፋፋሉ።

ብርሃን መስታወቱን ከውስጥም ይጨምቀዋል። ጭመቃው በፋይበሩ ውስጥ የድምፅ ሞገድ ያስነሳል፤ ሞገዱም የብርሃኑን ከፊል ድግግሞሹን ለውጦ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ለመገናኛ መሐንዲሶች ይህ እንቅፋት ነው፤ በፋይበሩ ሊላክ የሚችለውን ኃይል ይገድባል። የድግግሞሹ ለውጥ ግን በሙቀትና በውጥረት መጠን ስለሚለያይ፣ በድልድይ ወይም በነዳጅ ቧንቧ ላይ የተዘረጋ ፋይበር የትኛው ቦታ እንደሞቀ ወይም እንደተወጠረ በአሥሮች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያሳውቃል።