መጀመርንና መጽናትን የሚያመለክቱ ግሦች

ግሥ ድርጊትን ወይም ሁኔታን የሚገልጽ ቃል መሆኑን በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ተምራችኋል። ይሁን እንጂ አንድ ድርጊት ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አንድ መልክ ብቻ የለውም። ሊሆን ይቃጣል፤ ይጀምራል፤ ይጸናል፤ በመጨረሻም ያልቃል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው መጀመርንና መጽናትን የሚያመለክቱትን ግሦች ነው። በቅድሚያ የሚከተሉትን ዓረፍተ ነገሮች አስተውላችሁ አንብቡ።

1. በስማዳ ዝናም ጣለ።
2. በስማዳ ይዘንብ ጀመር።
3. በስማዳ ዝናሙ ጸና።

ሦስቱም ስለ ዝናም ይናገራሉ፤ መልእክታቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው አንድ ጊዜ ስለ ወረደ ዝናም ብቻ ይነግረናል። ሁለተኛው ዝናሙ መነሣቱን ያስረዳል፤ ስለ መቀጠሉ ግን ዋስ አይሆንም። ሦስተኛው ዝናሙ መደጋገሙንና መበርታቱን ያረጋግጣል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ማሽላ የሚዘራ ገበሬ፣ የመጀመሪያውን ወሬ እንደ ሦስተኛው ቈጥሮ ዘሩን ቢበትን፣ ከዚያም ዝናሙ ለሁለት ሳምንት ቢቋረጥ ቡቃያው ይደርቅበታል። እንደገና ለመዝራት ለቤተ ሰቡ ቀለብ ካስቀመጠው እህል ላይ ሊያነሣ ይገደዳል። ስለዚህ በእነዚህ ግሦች መካከል ያለው ልዩነት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሀ/ ከሌላ ግሥ ጋር የሚነገሩ

ድርጊቱ ሊጀመር መቃረቡን ለመግለጽ ‹‹ዳዳ›› እና ‹‹ዳር ዳር አለ›› የሚሉትን እንጠቀማለን፦ ‹‹ሕፃኑ ሊያለቅስ ዳዳው››፤ ‹‹ሊዘንብ ዳር ዳር አለ››። መጀመሩን ለመግለጽ ደግሞ ‹‹ጀመረ›› ከንዑስ አንቀጽ ጋር ይነገራል፦ ‹‹ማልቀስ ጀመረ››። በሥነ ጽሑፍ ‹‹ያለቅስ ጀመር›› የሚለው አነጋገርም የተለመደ ነው። ‹‹ማልቀስ ያዘ›› ስንል ልጁ ከመጀመሩም በላይ ቶሎ የማያቆም መምሰሉን እንጠቁማለን። ‹‹ገበሬዎቹ አጨዳውን ተያያዙት›› ስንል ደግሞ ሥራው በብርታት መቀጠሉን እንገልጻለን።

ለ/ ከስሙ ጋር የተቈራኙ

ብዙ ስሞች ለመጀመራቸው የየራሳቸው ግሥ አላቸው። ክረምት ይገባል፤ መስከረም ይጠባል፤ ጎሕ ይቀድዳል፤ ጠላ ይጠነሰሳል፤ ስፌት ይወጠናል፤ ከተማ ይቈረቈራል፤ ነፋስ ይነሣል። በእነዚህ ሁሉ ቦታ ‹‹ተጀመረ›› ብንል ሐሳቡ ባይጠፋም ቋንቋው ይደኸያል። ከነዚህ ግሦች መካከል ‹‹ጥንስስ›› እና ‹‹ውጥን›› የሚሉ ስሞች ወጥተው ከጠላና ከስፌት አልፈው ለማንኛውም ሐሳብ መነሻ ማገልገላቸውን ልብ በሉ።

አንዳንዱ ግሥ እንደ ስሙ ሁኔታ ትርጉሙን ይገለብጣል። ‹‹ዝናሙ ቆመ›› ሲባል ማብቃቱን፣ ‹‹ገበያው ቆመ›› ሲባል ደግሞ መሰብሰቡን ያመለክታል። የታች ጋይንት ከተማ የሆነችው አርብ ገበያ ስሟ ገበያ የሚቆምበትን ቀን ይናገራል። ‹‹ወጣ››ም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ ወጣች ሲባል ቀኑ ተጀመረ፤ ክረምት ወጣ ሲባል ወቅቱ አለቀ ማለት ነው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ የተሰየመችውም በዚሁ ግሥ ነው።

‹‹ገባ›› የሚለውም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቈጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። ሰማዩ ግን ሁልጊዜ ቀኑን አይጠብቅም። ስለዚህ ‹‹ክረምቱ በቀኑ ገባ እንጂ ዝናሙ ገና አልጸናም›› ብሎ መጻፍ ይቻላል።

ሐ/ መጽናትን የሚያመለክቱ

የተጀመረ ነገር ቦታ መያዙን ከሚገልጹት ግሦች ዋና ዋናዎቹ ጸና፣ ጠና፣ በረታ፣ ሥር ሰደደ እና ጸደቀ ናቸው። በሽታ ይጸናል፤ ችግር ይጠናል፤ ብርድ ይበረታል፤ ልማድ ሥር ይሰድዳል፤ ችግኝ ይጸድቃል። በጉና ተራራ ግርጌ ስለሚካሄድ የደን ልማት ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ‹‹አንድ ሺህ ችግኝ ተተከለ›› ቢል የተናገረው ስለ ጅማሬው ብቻ ነው። አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ግን ስንቱ እንደ ጸደቀ ነው።

ይህ ልዩነት በታሪክ አጻጻፍም ይሠራል። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም የሰሜን ኢትዮጵያ ክፍሎች ስለ ነበረው ረኀብ የሚጽፍ ተማሪ ‹‹በዚያ ዓመት ረኀብ ተጀመረ›› ቢል እውነቱን ያዛባል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የረኀቡ ምስል በውጭ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም ሲደነግጥ ረኀቡ ጸንቶ ነበር እንጂ ገና መግባቱ አልነበረም። ‹‹ተጀመረ›› የሚለው ቃል ከዚያ በፊት የተራቡትንና የሞቱትን ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

መ/ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር

በእንግሊዝኛ ትምህርታችሁ ‹‹ሴት ኢን›› የሚል ግሥ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ‹‹ሴት›› ብቻውን ሲሆን ‹‹አስቀመጠ››፣ ‹‹ኢን›› ደግሞ ‹‹ውስጥ›› ተብሎ ሊተረጐም ይችላል፤ ሁለቱን አጣምሮ ‹‹ዝናሙ ውስጥ አስቀመጠ›› ማለት ግን ትርጉም አይሰጥም። ግሡ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለማይወደድና ቶሎ ስለማይለቅ ነገር ነው። ስለዚህ ለዝናም ‹‹ጸና››፣ ለብርድ ‹‹በረታ››፣ ለችግር ‹‹ጠና›› ብንለው ይስማማል። ስለ ጦርነት፣ ስለ እሳትና ስለ ወረርሽኝ የሚነገረው ‹‹ብሬክ አውት›› ደግሞ ድንገተኛ መጀመርን ስለሚገልጽ ‹‹ተነሣ›› በሚለው ይተረጐማል። ተርጓሚ በመጀመሪያ ነገሩ የቱ ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ መጠየቅ፣ ከዚያም አማርኛው ለዚያ ስም የሰጠውን ግሥ መፈለግ አለበት።

መልመጃ

1. የሚከተሉትን ስሞች ለመጀመራቸው ከሚስማማ ግሥ ጋር እያገናኛችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፦ ጾም፣ ጠላ፣ ነፋስ፣ ስፌት፣ ገበያ።
2. ‹‹በሽታው ገባ›› እና ‹‹በሽታው ጸና›› በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት አስረዱ። ሐኪም የሚጠራ ሰው የትኛውን ቢናገር አስቸኳይነቱ ይበልጥ ይታወቅለታል?
3. ‹‹ቆመ›› እና ‹‹ወጣ›› አንድ ጊዜ መጀመርን፣ ሌላ ጊዜ ማብቃትን እንዲያመለክቱ አድርጋችሁ አራት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
4. በእስቴ ወረዳ የምትኖሩ ገበሬ እንደ ሆናችሁ በማሰብ፣ ዝናሙ ጥሎ መቋረጡንና ቡቃያው መድረቁን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚያስታውቅ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤውን ያነበበ ሰው ምን እንደ ተጀመረ፣ ምን እንዳልጸና ሳይጠይቅ ሊረዳ ይገባዋል።