የኪነ ጥበብ ሥልጠና ለጎዳና ወጣቶች

ከቀዬአቸው ተፈናቅለው በከተማ ጎዳና ለወደቁ ወጣቶች የሚሰጥ የኪነ ጥበብ ሥልጠና ፍሬ የሚያፈራው ሲሰነብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሚስተር ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ 100 ያህል የጎዳና ልጆችን ለ«ካርሚና ቡራና» ትርዒት አሠለጠኑ። ትርዒቱ ሲያበቃ ግን ልጆቹ ወዴት ይመለሳሉ የሚለው ጥያቄ ተነሣ፤ ጭብጨባ እራት አይሆንምና። ስለዚህም 18 ወጣቶች ተመርጠው «አዱኛ» በተሰኘው ቡድን ለ5 ዓመት ሠለጠኑ። ትምህርቱ ዘመናዊውንና የአገር ባህሉን ውዝዋዜ ብቻ ሳይሆን የማስተማርን ዘዴም የጨመረ ነበር። ሠልጣኞቹ በኋላ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ጭምር ለማስተማር የበቁት በዚሁ ምክንያት ነው። ተመሳሳይ ሥልጠና የሚያቅድ መሥሪያ ቤት ከትርዒቱ ቀን አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው በማግስቱ ስለሚያስፈልገው የቀለብና የመምህር በጀት ነው።