ከመያዝ እስከ መከሰስ፦ የተጠርጣሪ መብት የሚፈተንባቸው ቀናት

በ1993 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸውን ያዩት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ቤታቸው አልገቡም፤ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሕጉ ለዘብ ብሎ ክልከላው ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡ የሙስና ወንጀሎች ላይ ተወሰነ። አቶ ስዬ ከእስር የወጡት በ1999 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ መንግሥትም ሕግም ተቀያይሯል። «ፍርድ ቤት በዋስ ይለቀቅ ብሏል፤ ፖሊስ ግን አለቀቀውም» የሚለው ወሬ ግን ዛሬም ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ለምን?

መልሱን የመብት እጦት ላይ መፈለግ አያዋጣም፤ ሕገ መንግሥቱ በዚህ በኩል ስስታም አይደለም። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው የመንገድ ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውጭ ነው። ፖሊስ ይህን ሳያደርግ ቢቀር ቤተሰብ ወይም ጠበቃ «አካልን ነጻ ማውጣት» የሚባለውን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ሥርዓቱም ከ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ የተደነገገ ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር፣ ማስረጃውን እንዲያይ፣ ምስክር እንዲጠይቅ፣ ጠበቃ እንዲያቆም ይፈቅዳል።

ችግሩ ያለው በሁለቱ አንቀጾች መካከል ነው። ሰው ተይዞ ገና ሳይከሰስ የሚያልፉት ሳምንታት የጊዜ ቀጠሮ ዘመን ናቸው፤ የብዙ ሰው ዕጣም የሚቆረጠው እዚያ ነው።

የጊዜ ቀጠሮ ችሎት ምን እንደሚመስል የገባበት ሁሉ ያውቀዋል። መርማሪው ይነሳና «የምስክር ቃል መቀበል ይቀረናል፤ ግብረ አበሮቹ አልተያዙም፤ የቴክኒክ ምርመራ ውጤት እየጠበቅን ነው» ብሎ ተጨማሪ 14 ቀን ይጠይቃል። ተጠርጣሪው ጠበቃ ከሌለው ብዙውን ጊዜ «ጥፋት የለብኝም» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ንግግር ደግሞ በዚያ ደረጃ አይጠቅመውም፤ ዳኛው የሚወስነው ስለ ጥፋቱ ሳይሆን ስለ ቀኑ ነውና። ጠበቃ ቢኖር ጥያቄው ሌላ ይሆናል፦ ባለፈው በተፈቀደው 14 ቀን ምን ተሠራ? የቀሩት ምስክሮች ስንት ናቸው? ደንበኛዬ ቢወጣ የላቦራቶሪውን ውጤት በምን ሊያበላሸው ይችላል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲነሱ መርማሪው መዝገቡን ገልጦ ለማስረዳት ይገደዳል። ሳይነሱ ሲቀሩ ግን 14ቱ ቀን እንዲሁ ይፈቀዳል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 አንድ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ስንት ጊዜ ሊደጋገም እንደሚችል ግን አልገደበም። እኔ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ክፍተት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ አንዱን ቀጠሮ ወደ 28 ቀን አሳድጎ ጣሪያውን አራት ወር አድርጎት ነበር። ያ አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

በእነዚሁ ሳምንታት ተጠርጣሪው ቃል ይሰጣል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 መልስ ያለመስጠት መብት እንዳለውና የሚናገረው ሁሉ ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነገረው ያዛል። በማስፈራራትም ሆነ በማባበል ቃል መቀበል የተከለከለ ነው፤ ተጠርጣሪን የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 424 ራሱ ይከሰሳል። ሆኖም ሌሊት፣ ብቻውን፣ ድካም ላይ ያለ ሰው «ፈርምና ትወጣለህ» ሲባል ያልተነበበ ወረቀት ላይ ቢፈርም የሚያስደንቅ አይደለም። ከወራት በኋላ ችሎት ፊት «ተገድጄ ነው» ሲል ደግሞ ማስረዳቱ እጅግ ይከብደዋል።

ዋስትናም ብዙ ሰው የተሳሳተ ግንዛቤ የያዘበት ነገር ነው። ለዋስ የሚያዘው ገንዘብ ቅጣት አይደለም፤ ሰውየው በየቀጠሮው ከቀረበ ጉዳዩ ሲያበቃ ይመለስለታል። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 መሠረት ዋስትና የሚከለከለው ተጠርጣሪው የዋስትናውን ግዴታ የሚያከብር ካልመሰለ፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ተብሎ ከተሰጋ፣ ወይም ምስክር ሊያባብልና ማስረጃ ሊያጠፋ ከቻለ ነው። «ሕዝብ ተቆጥቷል» የሚል ምክንያት በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ቁጣው ግን ይገባኛል። ልጁ የተገደለበት አባት «ለነፍሰ ገዳይ ጠበቃ ምን ያደርግለታል?» ቢል ልቡ ተሰብሮ ነው። መልሱ ጠበቃው የሚከላከለው ወንጀሉን አይደለም የሚል ነው። ጠበቃው ማስረጃውን ይፈትናል፤ ያልተፈተነ ማስረጃ የተሳሳተ ሰው ካሳሰረ እውነተኛው ገዳይ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው፣ አባቱም አልተካሰም። በጥር 2005 ዓ.ም. «ጀሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ጉዳያቸው ገና በችሎት እየታየ ያሉ ተከሳሾችን በቴሌቪዥን አሸባሪ አድርጎ ሲያቀርብ፣ ይህ ፈተና ሳይካሄድ ፍርዱ በየሳሎኑ ተሰጥቶ ነበር። «ይከላከል» የሚለውን ብይን እንደ ጥፋተኝነት የምንቆጥረው ሰዎችም ከዚህ የራቅን አይደለንም፤ ብይኑ የሚለው ዐቃቤ ሕግ መልስ የሚያስፈልገው ነገር አቅርቧል ብቻ ነው።

አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም አንቀጽ 20 ያዛል፤ ለዚህም በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስለተከሰሰ ሰው በመሆኑ ጠበቃው በአብዛኛው የሚመጣው ክስ ከተመሠረተ በኋላ ነው፤ ቃሉ ተሰጥቶ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ቀጠሮዎቹ ካለፉ በኋላ። ጣቢያ ላይ ያለ ሰው ወዲያው ጠበቃ ጠርቶ እንዲያነጋግር ግን የ1954ቱ ሕግ አንቀጽ 61 ፈቅዶለታል። ተከላካይ ጠበቆችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ማሰማራት አዲስ መብት መፍጠር አይሆንም፤ የሚጠይቀው በጀትና የሰው ኃይል ነው። የጊዜ ቀጠሮውን ቁጥር መገደብ ደግሞ በአንድ አንቀጽ ማሻሻያ የሚያልቅ ሥራ ነው።