ዶሮ ወጡ ጥንታዊ ነው፤ ቅላቱ ግን አይደለም

ስለ በዓል ማዕዳችን ከሚነገረው ሁሉ እጅግ ሥር የሰደደው አንድ እምነት ነው፤ ዶሮ ወጡም ቡናውም ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ቅንጣት ሳይለወጡ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርዱ መጥተዋል የሚለው። ከኩራት የሚመነጭ ስለሆነ ማንንም የሚጎዳ አይመስልም። ግን ይጎዳል። ሽንኩርቱን በማሽን የፈጨችውን ሙሽራ፣ ወይም ባሕር ማዶ ተቆራርጣ የታሸገች ዶሮ የገዛውን ቤተሰብ «ባህል አጠፋችሁ» ብለን የምንወቅሰው ይህንኑ ተመርኩዘን ነው። ወቀሳው ከመሰንዘሩ በፊት የማዕዱን ዕድሜ መመርመር ይገባል።

ዶሮዋ በእርግጥም ጥንታዊት ናት። መነሻዋ እስያ ቢሆንም፣ ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ስፍራ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደነበረው የመጀመሪያ ሺህ ዓመት ይመለሳሉ፤ በአፍሪካ ምድር ከተገኙት ቀደምት ማስረጃዎችም ይቆጠራሉ። በርበሬው ግን ሌላ ታሪክ አለው። የበርበሬ ተክል የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ውቅያኖሱን ከመሻገሩ በፊት በአፍሪካም በእስያም በአውሮፓም አልነበረም። ወደ እኛ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ ፖርቱጋሎች በከፈቱት የባሕር ንግድ አማካይነት እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች ፋሲካን በቀይ ወጥ አልፈቱም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም ቀይ ወጥ አልቀመሱም። በዘመናቸው ወጥ የሚጣፍጠው በኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ በጥምዝና በመሳሰሉት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ምናልባት ለዛሬው አልጫ የቀረበ ነበር። ዛሬ «ያለ በርበሬ ምን ዶሮ ወጥ አለ!» የምንለው ሁሉ፣ አንድ ዘመን ላይ እንግዳ ቅመም ከነባሩ ወጥ ያዋሐዱ ባለሙያ ሴቶች የሠሩትን ነው የምናደንቀው። ስማቸው አልተጻፈም፤ ምስጋናው ግን የእነርሱ ነው።

«አራትና አምስት መቶ ዓመት ታዲያ ትንሽ ነው? ይህስ ጥንታዊ አይባልም?» የሚል ሙግት ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ለበርበሬው ይበቃው ይሆናል። ለቡናው ግን አይሠራም። ቡና የበቀለው በአገራችን ጫካ ቢሆንም፣ በሰሜኑና በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ የሙስሊሞች መጠጥ ተብሎ ይነወር ነበር፤ ካህናቱም ይከለክሉት ነበር። ይህ አመለካከት የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ንጉሡ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኗ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስም ጥላቻውን በማለዘብ ረገድ ይጠቀሳሉ። ስለዚህ በገናና በፋሲካ ዕለት ቄጤማ ጎዝጉዞ፣ ዕጣን አጢሶ ቡና ማፍላት በብዙ ክርስቲያን ቤቶች ከመቶ ዓመት ብዙም የማይዘል ልማድ ነው። ከሙስሊም ጎረቤት የተወረሰ መሆኑ ደግሞ ክብሩን ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስበትም።

ሌላው ተቃውሞ ከአሥራ ሁለቱ ብልት ይነሣል። ዶሮዋ አሥራ ሁለት ቦታ የምትበለተው በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ስለሆነ፣ ቁጥሩን መለወጥ ሃይማኖትን መንካት ነው ይባላል። ምሳሌው ያማረ ነው፤ የሚወዱት ቤተሰቦችም ሊጠብቁት ይገባል። ነገር ግን የምሳሌ ውበት ሥርዓት አያደርገውም። የጾም ሥርዓቱ ከምን እንደምንከለከልና እስከ መቼ እንደምንጾም ይደነግጋል፤ የ55ቱን ቀን ዐቢይ ጾም የጾመ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ጾሙን በስንት ብልት እንደሚፈታ ግን አይወስንም። ደግሞስ ማዕዱ ከቤት ቤት፣ ከአገር አገር ይለያያል። በጉራጌ ምድር መስቀል ያለ ክትፎ አይታሰብም፤ እዚያ ዶሮ ወጥ ባይቀርብ በዓሉ ጎደለ የሚል የለም።

«ሁሉም ነገር የሚለወጥ ከሆነ ምኑን ነው የምንጠብቀው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። መልሱ ያለው ከቅመሙ ይልቅ በአኗኗሩ ውስጥ ይመስለኛል። በርበሬው ከመምጣቱ በፊትም ጾሙ ነበረ፤ አብሮ መፍታቱም፣ ለሌለው ማካፈሉም ነበረ። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሪቱን የጎበኘው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ጥብቅ ጾማችንም፣ በግብዣ ላይ ስለሚቀርበው ጠጅም ጽፏል። እነዚህን ዛሬም እናውቃቸዋለን። በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ጠባብ ኩሽና ውስጥ የታሸገ ዶሮ ይዛ፣ ቁሌቱን ግን በትዕግሥት የምታቁላላ፣ ልጆቿን አጠገቧ አቁማ ቅቤው መቼ እንደሚገባ የምታሳይ እናት ከዚህ አንዱንም አልጣለችም። ሊያሳስበን የሚገባው ልጆቹ ወጡ ሲሠራ ሳያዩ ተሠርቶ ብቻ የሚቀርብላቸው ቤት ነው፤ ዶሮዋ የአበሻ፣ ብልቷም አሥራ ሁለት ቢሆን እንኳ።