ተረቱ ለማን ተተረተ?

ዛሬ ስልክ የያዘ ሰው ተረትና ምሳሌ ሳያነብ አይውልም። ቴሌግራም ላይ በየማለዳው አንድ ተረት የሚለጥፉ ቻናሎች አሉ፤ ፌስቡክ ላይ ደግሞ በፀሐይ መግቢያ ፎቶ ላይ ተጽፎ «የአባቶች አባባል» እየተባለ ይዞራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከአገር ወጥቶ በእንግሊዝኛ ጭምር የኢትዮጵያውያን አባባል ተብሎ ይጠቀሳል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ነገር ግን የሚዞረው ተረቱ ብቻ ነው። ማን፣ ለማን፣ በምን ነገር ላይ እንደተረተው አብሮት አይሄድም።

ይህን ጉድለት ስልክ አላመጣውም። ኢጣሊያዊው ኢግናሲዮ ጉዊዲ በ1894 እ.ኤ.አ. ተረቶችን ከግጥምና ከተረክ ጋር ሰብስቦ ሮም ላይ አሳተመ። ቤተ እስራኤልን ለዓለም አይሁድ በማስተዋወቅ የሚታወቀው ዣክ ፋይትሎቪችም በ1907 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የራሱን ስብስብ ከነማብራሪያው አወጣ። ከእነርሱ በኋላ ኮንቲ ሮሲኒ ለትግርኛው፣ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ለአማርኛው፣ ቆየት ብሎም ጆርጅ ኮተር ለኦሮምኛው ማማክሳ ደክመዋል። ሁሉም ባለውለታዎቻችን ናቸው። ይሁንና የተረት መጽሐፍ ሲባል እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝር ነው።

ተረት ለዝርዝር አልተሠራም። አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየው ይህ ግልጽ ነው። በተራ ንግግር ቢሆን ድሩ አንበሳ «ያስራል» ነበር የሚባለው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውም «አይታረስም፣ አይከሰስም» መሆን ነበረበት። ተረት ግን ሁለቱ ጎኖቹ ቤት እንዲመቱ፣ ሰሚውም ሳይዘጋጅ እንዲይዘው የግሱን ጅራት ይቆርጣል። ይህ የሙግት ቋንቋ ነው። በላ ልበልሃ በሚባለው የድሮ ችሎት ከሳሽና ተከሳሽ ቆመው፣ ድምፃቸውን እየጣሉና እያነሡ፣ በምሳሌ ይገጥሙ ነበር፤ ዳኛም ሕዝብም ይሰማል። ዛሬም ሽማግሌ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሲቀመጥ ጥፋተኛውን በስም አይጠራም። አንድ ተረት ጣል ያደርጋል፤ የሚመለከተው ሰው ራሱ አንገቱን ይደፋል።

ተረቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ እየተባለ የሚነሣው ወቀሳም መልሱ እዚህ ላይ ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚል ሕዝብ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። የመጀመሪያው ለለፍላፊ፣ ሁለተኛው ለዓይን አፋር የተተረተ ነው። ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ ተጋጩ ማለት ለሁለት በሽተኞች የታዘዘውን መድኃኒት አንድ ላይ እንደ መዋጥ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ነው። ይህን ያህል የተከሰሰ ተረት የለንም። የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ስለ ሙስና በተነጋገርን ቁጥር «ባህላችን ሌብነትን ያስተምራል» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ክሱ የችኮላ ይመስለኛል። በጉልት ሥርዓት ሹም የወር ደመወዝ አልነበረውም። አገር ይሰጠዋል፤ ገበሬው የሚያገባውን ግብር እየተቀበለ ቤተሰቡን፣ አሽከሩን፣ ወታደሩን ያኖርበታል። መብላት ማለት ይህ ነበር፤ በአደባባይ የተሰጠ መብት እንጂ የተደበቀ ስርቆት አልነበረም። ሹም ሽር ደግሞ ማንን፣ መቼ እንደሚነካ አይታወቅም። ጉልት በአዋጅ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ተረቱ ግን የበቀለበት መሬት ከሥሩ ሲነሣም በሰው አፍ ቀረ።

በማን አፍ? ይህን መጠየቅ አለብን። የተሻረ ሹም ሲለው ጸጸት ነው። እናት አዲስ ለተሾመ ልጇ ስትለው ምክር ይሆናል። ግብር ያወጣው ገበሬ፣ ትናንት ያንቀጠቅጠው የነበረው ሰው ዛሬ በባዶ እጁ ሲያልፍ አይቶ ለጎረቤቱ ሲለው ደግሞ መራራ ፌዝ ነው። እነዚህ ሦስት ትርጉሞች ናቸው፤ መጽሐፎቹ ያስቀሩልን ግን አንዱን ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው።

የገበሬው ድምፅ ለዓለም ምሁራንም ደርሷል። አሜሪካዊው ጄምስ ስኮት በ1990 እ.ኤ.አ. የበታቾች በስውር ስለሚያደርጉት እምቢታ የጻፈውን መጽሐፍ የከፈተው በአንድ የኢትዮጵያውያን ተረት ነው፦ ትልቁ ጌታ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሣ ድምፅ የሌለው ፈስ ስለሚለቅ ብልህ ገበሬ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውንም እንዲህ በሁለት ፊት የተናገረው ሰው እንደነበረ አልጠራጠርም።



አጋጣሚው ሁሉንም ተረት ያነጻል ማለቴ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» በማንም አፍ፣ በየትኛውም ቦታ ሴትን ዝም ለማሰኘት የተሠራ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሲያደርግ ይኸው አስተሳሰብ አንቀጽ አግኝቶ ነበር፤ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሽሮታል። ይህን ተረት በሠርግና በስብሰባ ለጨዋታ ማድመቂያ የሚያመጡ ሰዎች ሊያፍሩበት ይገባል። መዝገብ ውስጥ ግን ይቀመጥ፤ ሴቶች ምን እየተባሉ እንደኖሩ የሚመሰክር እርሱ ነውና።

ስለዚህ የፎክሎር ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ወደ ሽምግልናው፣ ወደ ዕድሩ፣ ወደ ለቅሶው ቢሄዱ እወዳለሁ። ተረቱን ብቻ ሳይሆን ተራቹን፣ የተተረተበትን ሰው፣ የጠቡን ምክንያትና ከተረቱ በኋላ የመጣውን ዝምታ ወይም ሳቅ አንድ ላይ ይመዝግቡ። ሸምጋዮቹ እያረፉ ነው፤ ሥራው መጀመር ያለበት አሁን ነው።