ከዲላ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ንጋት ላይ ዲላ መናኸሪያ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሲሸኝ እናቶች የሚጠይቁት «መቼ ትደርሳለህ?» ብለው ነው። ኪሎ ሜትሩን የሚጠይቅ የለም። ልክ ናቸው፤ በዚህ ጉዞ ላይ ርቀትና ጊዜ እኩል አይሄዱም።

ዲላ በሰሜን ኬክሮስ 6.4 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ 9 ላይ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በመካከላቸው ያለው የአየር መስመር ወደ 290 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መኪናው ግን 360 ያህል ይነዳል። ሐዋሳንና ሻሸመኔን አልፎ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ ሞጆ ይወጣል፤ ሞጆ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ስለሆነች ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ መታጠፍ ግድ ነው። መንገዱ ከቀና ሰባት ሰዓት ያህል ነው። በዚያው ጊዜ ከአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሳ ጄት 5,900 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ለንደን ይቃረባል። ዲላ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ቅርቡ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሐዋሳ ነው።

ከቦሌ ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ሉል ያለው ሰው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ ይመልከት። ዋሽንግተን 39ኛው ዲግሪ ላይ ሆና ሳለ ክሩ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ድረስ ወደ ሰሜን ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ዙሪያ ጥምጥም የሚመስለው ይህ መስመር ነው አጭሩ።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን የቦሌ አየር ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፍ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፤ ሞተርም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለረጅሙ ጉዞ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ አንድ ላይ ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲበር በየዘመኑ ሮም ወይም ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ የሞላው በዚህ የተነሳ ነው። ዋሽንግተን ያለው ማረፊያ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ታንኩን ሞልቶ መነሳት ይቻላል።

ንፋሱም አለ። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የንፋስ ጅረት አለ፤ ፍጥነቱ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ከፊት ይገታዋል፣ ወደ አገር ቤት የሚመለሰውን ከኋላ ይገፋዋል። በመልሱ ጉዞ 13 ሰዓት ያህል ሳያርፉ መብረር የሚቻለው ለዚህም ነው። ጠዋት ቦሌ የወረደ የዲላ ልጅ ሳይውል ሳያድር መኪና ከያዘ፣ ከመምሸቱ በፊት ዲላ ከእናቱ ቡና ይደርሳል።