ሩት፦ የስልካችን ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?

አንድሮይድ ስልክ ወደ አገራችን መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ገደማ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የተላከለት ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው ፊደል ሳይሆን የተደረደሩ ባዶ ሳጥኖችን ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከተመዘገበ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ስልኩ ግን ፊደሉን የሚስልበት ፎንት አልነበረውም። ፎንቱ በፋይል ቢገኝ እንኳ የሚቀመጥበት ፎልደር የሲስተሙ አካል ስለሆነ፣ ስልኩን በገዛ ገንዘቡ የገዛው ሰው እዚያ ውስጥ አንዲት ፋይል መጨመር አይችልም። አንዳንዱ ኦፔራ ሚኒን ከፍቶ፣ ፊደሉን ወደ ምስል ለውጦ የሚያመጣውን ማስተካከያ እያበራ ያነብ ነበር። የደፈረው ደግሞ ስልኩን «ሩት» አደረገና ፎንቱን ራሱ ከተተ። በራሱ ፊደል ለማንበብ የስልኩን ቁልፍ መስበር የነበረበት ሰው ለምን እንዲህ አደረገ ተብሎ ሊወቀስ አይገባም።

ዛሬ ያ ችግር የለም። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች የግዕዝ ፎንት ይዘው ይመጣሉ፤ የአማርኛ ኪቦርድም በነፃ ይገኛል። ሩት ማድረግ ግን አልቀረም፤ ጥያቄው ከፊደል ወደ ገንዘብ ዞረ እንጂ።

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ነው። አንድሮይድ በሊኑክስ ሕግ ተጠቅሞ ለእያንዳንዱ መተግበሪያ የራሱን መለያ ቁጥር ሰጥቶ በራሱ አጥር ውስጥ ያኖረዋል። የሞባይል ገንዘቡ የቴሌብር መተግበሪያ የፌስቡክን ፋይል አያይም፤ ጌሙ የባንኩን የምስጢር ቁጥር አይነካም። ከዚህ ሕግ በላይ የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ መለያ ቁጥሩ ዜሮ፣ ስሙ ሩት። ሩት የሆነ ሁሉንም ያነባል፣ ሁሉንም ይጽፋል፣ ሁሉንም ያጠፋል። ከፋብሪካ የሚወጣ ስልክ ይህን ሥልጣን ለገዢው አይሰጥም፤ ሩት ማድረግ ማለት ሥልጣኑን መውሰድ ነው።

ይህ ሥልጣን በስህተት ሲሰጥ ምን እንደሚመስል የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 መገባደጃ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው ጂ1፣ ባለቤቱ በኪቦርዱ የሚነካውን ፊደል ሁሉ ከጀርባ ለሩት እንደ ትእዛዝ ያስተላልፍ ነበር። ለጓደኛው በሚጽፈው መልእክት መካከል «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ጽፎ ወደ ሌላ መስመር የተሻገረ ሰው፣ ስልኩ ዓይኑ እያየ ጠፍቶ ይነሣበታል። ጉግል ክፍተቱን ቶሎ ደፈነው። ብዙዎች ግን ስልካቸውን ሩት ያደረጉት በዚያችው ክፍተት ገብተው ነው።

ክፍተት እየተፈለገ ሲገባ፣ አምራቾች በሩን ከሥር ጀምሮ ማጥበቅ ያዙ። ሲስተሙን የሚያስነሣው ፕሮግራም፣ ቡትሎደር የሚባለው፣ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የማብሪያውን ቁልፍ ስንጫን ቀድሞ የሚነቃው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ፋብሪካ ላይ የተቀረጸ፣ ማንም ሊለውጠው የማይችል አጭር ፕሮግራም ነው። እርሱ ቀጣዩን ከማስነሣቱ በፊት የአምራቹ ዲጂታል ማኅተም ያለበት መሆኑን ይመረምራል። ያም በተራው ቡትሎደሩን፣ ቡትሎደሩ የሲስተሙን እምብርት ከርነሉን፣ ከርነሉ መላውን ሲስተም እየመረመረ ይሄዳል። ከአንድሮይድ 4.4 ጀምሮ ጉግል ይህን ሰንሰለት አጥብቆታል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው አንድሮይድ 8 ደግሞ አሮጌ፣ ቀዳዳ ያለበት ሲስተም መልሶ እንዳይጫን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ጨመረበት። ቡትሎደሩ «ተቆልፏል» ሲባል የአምራቹ ማኅተም የሌለበትን ሲስተም አያስነሣም ማለት ነው።

ብዙ አምራቾች መክፈቻውን በቅንብሮች ውስጥ ሸሽገው ያስቀምጡታል። የስልኩን የግንባታ ቁጥር 7 ጊዜ ሲነኩ የሠሪዎች ማውጫ ይገለጣል፤ ከዚያ ውስጥ ቡትሎደሩ እንዲከፈት መፍቀጃው አለ። ከዚያ በኋላ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ትእዛዙን መስጠት ነው። ወዲያው ስልኩ ውስጥ ያለው ፎቶ፣ መልእክትና ሰነድ ሁሉ ይጠፋል። ይህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቅጣት አይደለም። ስልኩን የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ ፋይሎቻችንን እንዳያገኝ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሁዋዌ እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈቻ ኮድ መስጠት አቆመ፤ ሻኦሚ አመልካቹን ቀናት ያስጠብቃል፤ የሳምሰንግ ስልክ ውስጥ አንዴ ከተቃጠለ የማይመለስ ፊውዝ አለ፤ ቡትሎደሩን ከፍተው የራስዎን ሲስተም ሲጭኑ ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ከተማ ኑሮ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት አሁን ወደ መካነ ሰላም እንምጣ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ፣ የዓባይ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ወዳለችው የቦረና ወረዳ ከተማ። ከግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቴሌብር ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የዚህ ደጋ ገበሬና ነጋዴ ስልክ ከመነጋገሪያነት አልፎ ኪስ ሆኗል። የበግ ሽያጭ፣ የልጅ የትምህርት ቤት ወጪ፣ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ አገር ያለ ዘመድ የላከው ብር በዚያች ስክሪን ያልፋል። የሚገዛው ስልክ ደግሞ በአብዛኛው ቴክኖ፣ አይቴል ወይም ኢንፊኒክስ ነው፤ ሦስቱም ዋና መሥሪያ ቤቱ ሼንዘን የሆነው የትራንሽን ምርቶች ናቸው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገራችን ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል።

ስልኩ ሲታመም የሚሄደው ቅርብ ወዳለው ሞባይል ቤት ነው። «ሶፍትዌር ጫንልኝ» ይላል ባለቤቱ። ባለሙያው ባትሪውን አውጥቶ ወይም የድምፅ ቁልፉን ይዞ ኬብሉን ይሰካል፤ ከኮምፒውተሩ ላይ የስልኩን ሞዴል ይመርጣል፤ አንድ ቀይ ወይም ቢጫ መስመር ከ0 እስከ 100 ይሞላል፤ ስልኩ እንደ አዲስ ይነሣል። ችግሩ ያለው ከዚህች ሂደት በፊት በሚመረጥ አንድ መስመር ላይ ነው። «ሁሉንም አጥፋ» የሚለው ከተመረጠ፣ ከአሮጌው ሲስተም ጋር የስልኩ መለያ ቁጥር (አይኤምኢአይ) የተጻፈበት ክፍልም አብሮ ይጠፋል። ስልኩ ያበራል፣ ስክሪኑ ይሠራል፣ ሲም ካርዱ ግን ኔትወርክ አይስብም፤ *#06# ሲደወል ቁጥሩ ባዶ ነው። ለሌላ ሞዴል የተሠራ ፋይል ከተጫነበት ደግሞ ጭራሹን ላይነሣ ይችላል። ጥንቁቅ ባለሙያ ከመንካቱ በፊት ያን ክፍል ኮፒ አድርጎ ያስቀምጣል፤ ደንበኛው ይህን የመጠየቅ መብት እንዳለው ቢያውቅ ብዙ ስልክ ይተርፋል።

ከዚህ የከፋው በዝምታ የሚደርሰው ነው። ሩት የሆነና ቡትሎደሩ የተከፈተ ስልክ ሲበራ በሜዲያቴክ ፕሮሰሰር በሚሠሩት ላይ «ኦሬንጅ ስቴት» የሚል ማስጠንቀቂያ ለ5 ሰከንድ ያሳያል፤ ሰው ይለምደውና ማንበብ ይተዋል። በዚህ ስልክ ላይ «በአንድ ክሊክ ሩት» ከሚሉት መተግበሪያዎች አንዱ ከተጫነ፣ ሥልጣኑን የወሰደው ባለቤቱ ይሁን መተግበሪያውን የሠራው ሰው መለየት ያስቸግራል። ሩት ያገኘ ክፉ ፕሮግራም የባንኩን አጭር መልእክት ከባለቤቱ ቀድሞ ያነባል፤ የምስጢር ቁጥሩ ሲነካ ያያል። ብዙ የባንክ መተግበሪያዎች ሩት በሆነ ስልክ ላይ አልሠራም የሚሉት ለዚህ ነው። ስልኩ ቢጠፋ ደግሞ ያገኘው ሰው ኬብል ሰክቶ የፈለገውን ሲስተም ይጭንበታል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ «ተቆልፎ ይቀመጥ» የሚያሰኝ ነው። ግን የእኛው አገር ታሪክ ሌላ ምዕራፍ አለው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ የሞባይል ደኅንነት ኩባንያ በቴክኖ ደብሊዩ2 ስልኮች ላይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ገና ከካርቶኑ ያልወጡ ስልኮች ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ክፉ ፕሮግራም ተቀምጦ ነበር። ትሪያዳ ኢንተርኔት ሲያገኝ ኤክስሄልፐር የሚባለውን ያወርዳል፤ ኤክስሄልፐር ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ላላቸው አገልግሎቶች ያስመዘግበውና የአየር ሰዓቱንና ዳታውን ይበላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2019 ወዲህ ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የመጡ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን መዝግቧል። በብዛት የታየባቸው አገሮች ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ካሜሩንና ጋና ነበሩ። ትራንሽን ፕሮግራሙን ያስገባው በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ያለ ስሙ ያልተገለጸ አቅራቢ ነው፤ ማስተካከያም ለቀናል አለ። ጉግልም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ትሪያዳ ወደ ስልኮች የሚገባው አምራቾች ሥራ በሚያካፍሏቸው ሦስተኛ ወገኖች በኩል መሆኑን አስረድቶ ነበር።

እንግዲህ ይህን ስልክ የያዘ ሰው ያለበትን ሁኔታ አስቡት። «ወደ ፋብሪካ ቅንብር መልስ» ቢል አይጠፋም፤ ምክንያቱም ክፉው ፕሮግራም የመጣው ከፋብሪካው ሲስተም ጋር ነው። ማኅተሙን የሚመረምረው ሰንሰለትም ምንም አይልም፤ የታተመው ነገር ራሱ ተበክሏልና። ነቀዝ የገባበትን ጎተራ አፉን በጭቃ መምረግ ነው የሆነው። የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ እ.ኤ.አ. በ2020 ኤክስሄልፐርን ሲመረምር ያገኘው ደግሞ ያስቆጣል። ፕሮግራሙ በአንድሮይድ 6 እና 7 ላይ በሚሠሩ አንዳንድ የቻይና ስልኮች ክፍተቶች ተጠቅሞ ራሱ ሩት ይሆናል፤ የሲስተሙን ክፍል ከፍቶ ይጽፍበታል፤ ፋይሎቹ እንዳይሰረዙ ምልክት ያደርግባቸዋል፤ በመጨረሻም ባለቤቱ በተራው ያን ክፍል እንዳይከፍተው የሲስተሙን አንድ ፋይል ቀይሮ ይወጣል። ሌባው የሩት ሥልጣን አለው፤ ባለቤቱ የለውም። መፍትሔው ንጹሕ ሲስተም መልሶ መጫን ነበር፤ ያም ያው የሞባይል ቤቱ ባለሙያ የሚሠራው ሥራ ነው።

ስለዚህ ቁልፉ መጥፎ አይደለም፤ መጥፎው ነገር ቁልፉ አምራቹ ዘንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛ መንገድ እንዳለ የጉግል ፒክስል ስልኮች ያሳያሉ። ባለቤቱ ቡትሎደሩን ይከፍታል፣ የሚያምነውን ሲስተም ይጭናል፣ የራሱን የማኅተም ቁልፍ ያስገባና መልሶ ይቆልፈዋል። በሩ ተዘግቷል፣ ቁልፉ የባለቤቱ ነው። የቴክኒክ ችግር እንደሌለበት በተግባር ታይቷል፤ በእኛ ገበያ የሚሸጡ ርካሽ ስልኮች ላይ ያልመጣው የሚጠይቅ ስለሌለ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዝመና፣ ማለትም አምራቹ ለሲስተሙ የሚልከው ማስተካከያ፣ ነገር ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ጉግል በበርካታ የሜዲያቴክ ፕሮሰሰሮች ላይ ቡትሎደሩን ሳይከፍት ማንኛውም መተግበሪያ ሩት እንዲሆን የሚያስችል ቀዳዳ እንዳለ አሳውቆ ማስተካከያውን ለቀቀ። ማስተካከያው የደረሰው ስልክ ዳነ፤ ያልደረሰው ቢቆለፍም ክፍት ነው። ርካሽ ስልክ ብዙ ጊዜ ከተሸጠ በኋላ ዝመና የሚያገኘው ለአጭር ጊዜ ነው። በዚያ ላይ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። እንደ መካነ ሰላም፣ ወግዲና ከለላ ባሉ ከተሞች ያለ ኢንተርኔት የቀረ ስልክ ዝመና አይወርድለትም፤ መተግበሪያ የሚመጣው በብሉቱዝና በሜሞሪ ካርድ ከሰው ወደ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚያጣራለት የለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወሬ ብቻ አይደለም የሚቋረጠው፤ የስልኩ ጥበቃም አብሮ ይቆማል።

ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ያለበትን ስልክ ሩት አታድርጉ፤ «ላድርግልህ» የሚላችሁም ቢኖር እምቢ በሉ። መማር የሚፈልግ ወጣት ሲም ካርድና ገንዘብ በሌለበት አሮጌ ስልክ ላይ ይሞክር፤ ከዚህ የተሻለ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት አላውቅም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ መካነ ሰላም ላይ አለ፤ ተማሪዎቹ ለከተማው የሞባይል ባለሙያዎች ንጹሕ የፋብሪካ ፋይል እንዴት እንደሚለይና አይኤምኢአይ እንዴት ኮፒ ተደርጎ እንደሚቀመጥ ጥቂት ቀን ቢያሠለጥኑ ጥቅሙ ለሁሉም ነው። እናንተም ዛሬ ስልካችሁን ከፍታችሁ «ስለ ስልኩ» ከሚለው ውስጥ የደኅንነት ዝመናውን ቀን እዩ። ቀኑ ከሁለት ዓመት በፊት ከሆነ በዚያ ስልክ ላይ ብዙ ገንዘብ አታኑሩ። አዲስ ስትገዙም ሻጩን ስለ ካሜራው ከመጠየቃችሁ በፊት ዝመና እስከ መቼ እንደሚያገኝና ቡትሎደሩን ባለቤቱ መክፈት ይችል እንደሆነ ጠይቁት።